የድሮ የብሪታንያ ኮሚክ ስትገዙ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት አፋችን ላይ ነው፤ ሁሉንም «የእንግሊዝ ኮሚክ» እንላለን። «ዘ ዳንዲ»ን እና «ዘ ቢኖ»ን ያወጣው ዲሲ ቶምሰን የተባለው አሳታሚ ድርጅት ቤቱ ግን ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ ነው። ስኮትላንዳዊ ሻጭ ፊት እንግሊዝ ብላችሁ ቅናሽ አትጠይቁ።

ሁለተኛው በአሜሪካኖቹ መለካት ነው። የለመድነው አንድ መጽሔት፣ አንድ ጀግና ነው። የብሪታንያው ሳምንታዊ ግን እንደ በያይነቱ ነው፤ ጦርነቱም፣ ኳሱም፣ ጠፈሩም ጥቂት ጥቂት ገጽ ይዞ አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። ጃጅ ድሬድ የተባለውን ዝነኛ ጀግና ፍለጋ «2000 ኤዲ» የተባለውን ሳምንታዊ ቁጥር 1 የገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከሰረ፤ ድሬድ የመጣው በቁጥር 2፣ ማርች 5 ቀን 1977 ነው።

ደኒስ ዘ ሜናስንም አታምታቱ። በዚህ ስም አሜሪካ አንድ ልጅ አለ፣ ብሪታንያ ሌላ። ሁለቱም ብቅ ያሉት በማርች 1951 ነው፤ አንዱ ከሌላው አልተቀዳም። የቢኖው ቀይና ጥቁር መስመር ያለው ሹራብ የለበሰው፣ ጸጉሩ የቆመው ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ግን ውህደቱ ላይ ነው። አንድ ኮሚክ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሞተ አይባልም፤ ሽፋኑ ላይ «ለአንባቢዎቻችን ታላቅ ዜና» ተብሎ ይታተምና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ኮሚክ ውስጥ ይገባል። ስሙ መጀመሪያ ከአዲሱ ባለቤት ስም ጎን ይጻፋል፣ ቀስ በቀስ ያንሳል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። 1969 ላይ «ኢግል»ን፣ ንስሩን፣ «ላየን» የተባለው አንበሳ ዋጠው። አንበሳውን 1974 ላይ «ቫሊያንት»፣ ቫሊያንትን 1976 ላይ «ባትል» ዋጡ። ባትልን 1988 ላይ ማን ዋጠው? ራሱ ኢግል! በ1982 እንደ አዲስ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ተከታታይ ታሪክ መሀል ላይ ቢቋረጥባችሁ ቀሪውን በሌላ ስም ፈልጉት።

ገና ሲቃረብ የሚወጡት ባለ ጠንካራ ሽፋን ዓመታዊ መጻሕፍት ላይ ያለው ቁጥርም ያታልላል። 1975 የሚለው ለገበያ የቀረበው በ1974 መጨረሻ ነው። እኔም በተወለድኩበት ዓመት የወጣ መስሎኝ አንዱን ገዝቼ፣ ለካ ያኔ ገና ማኅፀን ውስጥ ነበርኩ። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፤ እነሱ ደግሞ ራሳቸውን በአንድ ዓመት ይቀድማሉ።

ለሴት ልጆች የታተሙትን ኮሚኮች አትናቁ። «ባንቲ» ከ1958 እስከ 2001 ዘልቋል፤ አስፈሪ ታሪኮች የሚያወጣውን የ1978ቱን «ሚስቲ» ደግሞ ማታ ብቻዬን አላነበውም።

የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ። ማጣበቂያው ከርሞ ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል። ወረቀቱ ቀድሞውንም ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ቀዳዳው ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ቁጥር 1 ስለሆነ ብቻ ብዙ አትክፈሉ። ዲሴምበር 4 ቀን 1937 የወጣው የመጀመሪያው ዳንዲ ትንሽ የቆርቆሮ ፊሽካ ይዞ ነበር። ልጆቹ ነፍተውት ጣሉት፤ ፊሽካው አብሮት የተገኘ ቅጂ ግን 2004 ላይ በጨረታ ከ20,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። ሻጩ «ከነስጦታው ነው» ካላችሁ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ስጦታውን አስወጥታችሁ እዩት።