የኅዳር ድርቆሽ በሬ አያደልብም

ደብረ ብርሃን አካባቢ ከወንድሞቼ ጋር በሬ እናደልባለን። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ በአንድ ዙር ከስምንት በሬ በላይ አትችልም። ሥራውን ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ፋጉሎ ስንት ገባ?" ብለው ነው፤ ፋጉሎ የቅባት እህል ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ነው። ስለ ሳር የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ ከሳሩ ልጀምር፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው።

ጥቅምት መግቢያ ላይ የተከለለው ሳር ማበብ ይጀምራል። ቅጠሉ ገና ለስላሳ ነው። "እንጨደው" ስል ጎረቤቶቼ "ገና ነው፣ ትንሽ ይጨምር" ይሉኛል። ይጨምራል፣ ልክ ናቸው። የሚጨምረው ግን አገዳው ነው። ኅዳር ላይ ሲታጨድ ዘሩ ረግፏል፣ ቅጠሉ ተሰባብሯል፣ የቀረው ቢጫ እንጨት ነው። ከጭድ ብዙም አይሻልም። ድርቆሽ በእስር ስለሚሸጥ እስር መቁጠር ለምዶብናል፤ በሬው ግን እስር አይቆጥርም። ያው ሰውዬ ጥር ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ በብድር ሲገዛ አየዋለሁ። ምን ነካችሁ? በፋጉሎ የምትገዙትን ፕሮቲን እኮ ሳሩ ውስጥ በነጻ አብቅላችሁ፣ ማሳው ላይ አስረጅታችሁት ነው!

ግማሹ ሳር ሲያብብ እጨዱ። ዝናቡ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጣሉት፤ በሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ማድረቅ የምትችሉትን ያህል ብቻ። ከሥር አራት ጣት ያህል ተዉለት፣ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ። ጠሉ ሲለቅ አገላብጡት። አንድ እፍኝ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ ውኃ ካወጣ ገና ነው። እኔ አንድ ዓመት ቸኩዬ እርጥቡን ከመርኩት። ከሳምንታት በኋላ እጄን ውስጡ ብከት እንደ ምጣድ ይሞቃል፣ ነጭ ሻጋታ ይዟል። ግማሹ ፍግ ሆነ።

በክረምት ጭቃው ላይ ከብት አትልቀቁ። ሳሩን ከሚበላው ይልቅ የሚረግጠው ይበልጣል።

መስከረም ላይ ደግሞ ሆድ የሚነፋው ማገጥ የሚባል ተክል የበዛበት መስክ ላይ በባዶ ሆድ፣ ከነጠሉ አታሰማሩ። መጀመሪያ ጭድ ይብሉ። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ የተነፋ በሬ ሐኪም እስኪመጣ ላይቆያችሁ ይችላል።

ስትገዙ አፉን ክፈቱ። ቋሚ ጥርሶቹ ወጥተው የሚጨርሱት ከአራት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። አርጅቶ ጥርሱ የተበላ የእርሻ በሬ ርካሽ ነው፣ ቀለባችሁን ይበላል፣ የሚጨምረው ግን ብዙውን ጮማ ነው። አጥንቱ ሰፊ ሆኖ በረሃብ የከሳ በሬ ግን ወርቅ ነው። የከሳው በረሃብ ይሁን በበሽታ ለማወቅ እበቱን እዩ፣ ሲያስል ስሙ። ጨፌ ላይ የዋለ ከሆነ የጉበት ትል ይኖረዋል ብላችሁ አስቡ፤ ሳታስመረምሩና መድኃኒት ሳትሰጡ ፋጉሎ መስጠት ትሉን መቀለብ ነው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀር አንዱ በሬ አልሞላ አለኝ። የተፈጨ በቆሎ በአንድ ጊዜ ገንዳ ሙሉ ሰጠሁት። ጥርግ አድርጎ በላ፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግስቱ አንገቱን ጎኑ ላይ ጥሎ ተኛ፣ እበቱ ውኃ ሆነ፣ ማመስኳቱን አቆመ። አልተነሳም። ሆዱ ውስጥ ሳር የሚፈጩት ረቂቅ ተሕዋስያን እህል እስኪለምዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በድንገት ሲመጣባቸው ሆዱ በአሲድ ይሞላል። ይህን የሰማሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን አስሮ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል በእጁ ሲያጎርስ ያየ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ውኃ አትቆጥቡ። አሞሌ ጨው አይለየው።

በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ደም የሚፈስ ከብት ካያችሁ ቢላዋ አታንሱ፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም ይገድላል። ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

የመጨረሻው የቀን መቁጠሪያ ነው። ማድለብ ከ90 እስከ 120 ቀን ይወስዳል። ለፋሲካ ካሰባችሁ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ታኅሣሥ ውስጥ ግዙ። መስከረም ላይ የገዛ ሰው በሬው ለገና ይደርስለታል፤ ያኔ ካልሸጠና ሁዳዴ ከገባ 55 ቀን ሙሉ የደረሰ በሬ ይቀልባል። ደላላው ይህን ያውቃል። ጾሙ መሃል ላይ ግቢያችሁ ሲመጣ ዋጋ አይጠራም። ገንዳውን አየት ያደርግና "ድርቆሻችሁ ለስንት ቀን ይበቃል?" ብሎ ይጠይቃል።