የታደሰ የእንጨት ጀልባ ልትገዙ ስትሄዱ ወስፌ ያዙ

የታደሰች አሮጌ የሸራ ጀልባ ለሽያጭ ቆማ ስታዩ ልባችሁ ይሸፍታል። ቫርኒሿ እንደ ማር ያበራል፣ ነሐሷ ተወልውሏል። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንዲሁ ልቤ ሸፍቶ ነው። በሁለተኛው ወር ከኋላዋ ጥግ ያለውን እንጨት በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ። ይዞት የቆየው ቀለሙ ነበር።

ስለዚህ ባትሪ፣ ወስፌና የእንጨት እጀታ ያለው ካቻቢቴ ያዙ። የሚቆሽሽ ልብስ ልበሱ፤ ዋናው ነገር ያለው ከታች ነው።

የእንጨት ጀልባን ከባሕር ይልቅ ዝናብ ይጎዳታል። ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ያዳክማል። የዝናብ ውሃ ግን በላይኛው ወለል ስንጥቅ ሰርጎ አየር በማያገኝ ጥግ ይተኛል። ምሰሶው ወለሉን በስቶ የሚያልፍበትን፣ የመስኮቶቹን ዙሪያና የኋላውን ጥግ ሳትቸኩሉ እዩ። በካቻቢቴው እጀታ እየመታችሁ አድምጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። እዚያ ላይ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በወስፌ ወጋ አድርጉት። ካልፈቀደ እኔ ትቼው እሄዳለሁ።

ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከታች የተገጠመላትን ከባድ እርሳስ ወይም ብረት ከእሷ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ናቸው። ጫፋቸው ደህና መስሎ መሃላቸው በዝገት ሊቀጥን ይችላል። ኦክ እንጨት ውስጥ ያለ ብረት ደግሞ በእንጨቱ አሲድ የተነሳ ቶሎ ይበላል። አንድ ሁለቱ ተነቅለው ይታዩ። ወጪ አለው፣ ግን አትለፉት።

የብስ ላይ ከቆመች በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውሃ ሲያገኝ አብጦ ይገጥማል።

«ታድሳለች» ሲሏችሁ ጠይቁ። የትኛው ጣውላ ተቀየረ? በምን እንጨት? ተከፍታ ሳለ የተነሳ ፎቶ አለ? ሁለተኛዋን የሸጠልኝ ሰው ሙሉ አልበም አወጣልኝ። እያንዳንዱን የጎድን እንጨት እንደ ልጁ እያስተዋወቀኝ ግማሽ ቀን አለፈ። ደስ የሚል ግማሽ ቀን ነበር።

የእንጨት ጀልባ የሚያውቅ መርማሪም ራሳችሁ ቅጠሩ፤ ሻጩ የሚያመጣላችሁ አይሁን።

በመጨረሻ ነፋስ ባለበት ቀን ውጡባት። ሸራው ሲወጠር ጣውላዎቹ ይጨነቃሉ፣ የተደበቀ ክፍተት ካለ ያኔ ውሃ ያስገባል። ከመውጣታችሁ በፊት የውስጡን ወለል አንስታችሁ ከስር ያለውን አድርቁ፤ ስትመለሱ እንደገና ክፈቱት። እኔ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ስከፍተው ያገኘሁት ውሃ አንድ ስፖንጅ አይሞላም ነበር። እዚያው ተጨባበጥን።