ዜሮ ዓመት ልምድ ይዞ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይገባል?

ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት» ይላል፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ደግሞ «ምን ልምድ አለህ?» ትባላላችሁ። አዲስ ተመራቂ በዚህ ቢበሽቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን የልምድ ደብዳቤ ፍለጋ አይደለም። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት መቻላችሁን ነው። ለሒሳብ ክፍል ጁኒየር ሠራተኛ ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ ጋር እቀመጣለሁና ምሳሌዎቼ የአካውንቲንግ ናቸው፤ ሌላ ሙያ ያላችሁ በራሳችሁ እየተካችሁ አንብቡ።

1. ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡ

ብዙ ቦታ ስለምታመለክቱ የትኛው ምን እንደሚል ይምታታባችኋል። ስታመለክቱ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት፤ ከተደወለላችሁ በኋላ የቴሌግራም ቻናል ወደ ላይ እየጎተቱ መፈለግ ጊዜ ይበላል። ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ «ቫውቸር ማዘጋጀት»፣ «የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ»፣ «ፔሮል መሥራት» የሚሉትን አስምሩባቸው። የሙያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አይዘልም።

ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ሁሉንም ከነኮፒው ይዛችሁ ሂዱ። ይህን እንኳ ታውቁታላችሁ።

2. ሦስት የራሳችሁን ሥራ ምረጡ

ዋናው ዝግጅት ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። ተመራቂው ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን «50 የኢንተርቪው ጥያቄዎችና መልሶች» አውርዶ መልሱን ይሸመድዳል። እኛ ደግሞ ያንን ፋይል እናውቀዋለን። በአንድ ጠዋት አምስት ሰው «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችልና ጫናን የምቋቋም ነኝ» ካለ አምስቱም አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ቻት ጂፒቲም ከዚህ አይሻልም። ጥያቄ እንዲጠይቃችሁ ብታደርጉት ጥሩ የልምምድ ጓደኛ ነው፤ መልስ ግን አታስጽፉት፤ እናንተ ያልኖራችሁትን ኑሮ ይጽፍላችኋል።

ከኢንተርንሺፕ አንድ፣ ከመመረቂያ ጥናት አንድ፣ ከግቢ ውጭ ወይም ከክበብ ሥራ አንድ ውሰዱ። የእናታችሁን ሱቅ የዱቤ መዝገብ መያዝም ይቆጠራል፤ እንዲያውም ከብዙ ኢንተርንሺፕ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ በመጨረሻ ምን ሆነ።

ሰው የሚሰናከለው መካከለኛው ላይ ነው። ስለራስ ማውራት ነውር ነው ተብለን ስላደግን ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ሁሉም ነገር «እኛ» ይሆናል፦ «መረጃ ሰበሰብን፣ ተነተንን፣ ምክረ ሐሳብ አቀረብን»። የመመረቂያ ጥናት በቡድን እንደሚሠራ፣ በቡድኑ ውስጥም አንዱ ሠርቶ ሌላው ስሙን እንደሚያስገባ ጠያቂው ጠንቅቆ ያውቃል፤ እሱም በዚያው በር ነው ያለፈው። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ አይቀርም፦ «አንተ የትኛውን ሠራህ?»

ውጤቱ በጣም ጥሩ የሆነ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ጥናታቸው በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የውስጥ ቁጥጥር ላይ ነበር። ርዕሱንና ዓላማውን በጥሩ እንግሊዝኛ ዘረዘረ። «መጠይቁን ለእነማን አደላችሁ? ሲመለስስ ምን ችግር ነበረው?» ሲባል ጣራውን አየ። ከእሱ በኋላ የገባችው ልጅ ውጤቷ ከእሱ ያነሰ ነበር። የእሷም ቡድን መጠይቅ በትኖ አብዛኛው ሳይመለስ ቀርቷል። «አባላቱ ቅዳሜ ጠዋት ቁጠባ ሊያስገቡ እንደሚመጡ ከገንዘብ ያዧ ሰማሁ። ቅዳሜ ሄጄ ወረፋው ላይ እየቆምኩ ጥያቄውን እያነበብኩላቸው እኔ ሞላሁት» አለች። ይቺ ልጅ ያልተመለሰ ደረሰኝ ከሾፌር ማስመለስ እንደምትችል ለመገመት ሌላ ጥያቄ አላስፈለገንም።

«እኔ» ማለት ጉራ የሚሆነው ከኋላው ሙገሳ ሲከተለው ነው። «እኔ በጣም ጠንቃቃ ነኝ» ጉራ ነው። «የሦስት ወር ደረሰኝ ተደባልቆ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ በቀንና በቁጥር ለይቼ አሰርኩት፤ የጎደሉትን ቁጥሮች ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁ» ደግሞ የተሠራ ሥራ ነው። ሙገሳውን ለሰሚው ተዉለት። የቡድኑን ድርሻ መካድም አያስፈልግም፤ «ትንተናውን ጓደኛዬ ሠራው፣ መረጃ መሰብሰቡ የእኔ ነበር» ማለት ያስከብራል እንጂ አያሳንስም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ በስልካችሁ እየቀዳችሁ ተናገሩት። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት። ቃል በቃል አትሸምድዱት፤ አንድ ቃል ከጠፋችሁ ሁሉም ይጠፋል።

3. «እስኪ ራስህን አስተዋውቀን»

የት እንደተወለዳችሁ፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳላችሁ፣ ኤለመንተሪ የት እንደተማራችሁ አይደለም። ስም፣ የተማራችሁት፣ ከሦስቱ ሥራዎች አንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለምን ይህን ቦታ እንደፈለጋችሁ። በቃ። የጠቀሳችሁት ሥራ ላይ ተከታይ ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ ልትጠየቁት የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ጣል አድርጉ።

ብዙ ቦታ ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛችሁ የሚከብዳችሁ ከሆነ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ፤ የሙያው ማብራሪያ ላይ ስትደርሱ «በአማርኛ ባስረዳው ይሻላል፣ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ጠያቂ ይፈቅዳል። ሳይጠይቁ መሐል ላይ ቋንቋ መቀየር ግን እንዳመለጣችሁ ይቆጠራል።

4. ሲቪው ላይ ያለው ሁሉ ይጠየቃል

«ፒችትሪ እችላለሁ» የማይል የአካውንቲንግ ሲቪ አይቼ አላውቅም፤ ፒችትሪ የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ እንጠይቃለን፦ «አዲስ አቅራቢ እንዴት ትመዘግባለህ?» ሥልጠና ወስዳችሁ ከረሳችሁት ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቀን ከፍታችሁ ነካኩት፤ ካልነካችሁት ደግሞ ሰርዙት። «ኤክሴል» ብላችሁ ጽፋችሁ ቪሉክአፕ የሚባለው የኤክሴል ቀመር ምን እንደሚሠራ አለማወቅም ያው ነው።

ጁኒየር አካውንታንት ላይ ሳይጠየቅ የማያልፈው የባንክ ማስታረቅ ነው፦ የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ ለምን ይለያያሉ? ሁሉም የመጽሐፉን ዝርዝር ይደረድራል። እናንተ አንድ ምሳሌ ስጡ፦ «ለአቅራቢ ቼክ ጽፈን ከመዝገባችን ቀንሰናል፤ እሱ ግን ገና ባንክ አልወሰደውም፤ ስለዚህ ባንኩ ጋ ገንዘቡ አለ። ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ እኛ ስቴትመንቱ እስኪመጣ አላወቅንም።» ካላወቃችሁ «ይህን አልሠራሁትም፤ ግን ከዚህ ነበር የምጀምረው» በሉ። አድበስብሶ ማለፍ ጠረጴዛው ማዶ ላለ ሰው ወዲያው ይታየዋል።

5. ድክመት፣ «ለምን እኛ ጋ?»፣ «ከአምስት ዓመት በኋላ»

«ድክመቴ ፐርፌክሽኒስት መሆኔ ነው» የሚለውን እባካችሁ ተዉት። እውነተኛ፣ ግን ሥራውን የማይገድል ድክመት ፈልጉ። ሒሳብ ክፍል ለመቀጠር መጥቶ «ስቸኩል ቁጥር እሳሳታለሁ» ማለት በገዛ እጅ በር መዝጋት ነው። «የማላውቀውን ሰው ደውዬ መጠየቅ ይከብደኛል፤ አሁን የምጠይቀውን ቀድሜ በወረቀት ጽፌ እደውላለሁ» ቢባል ግን ማንም አይደነግጥም።

«ለምን እኛ ጋ?» ሲባል «ትልቅ ድርጅት ስለሆነ» አይበቃም። ምን እንደሚያስመጣ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው፣ ዕቃው የት እንደሚሸጥ አጣሩ። እዚያ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት፤ ከድረ ገጹ የተሻለ ይነግራችኋል።

የአምስት ዓመቱ ጥያቄ በግልጽ አማርኛ «ልምድ ወስደህ በስምንተኛው ወር ትሄዳለህ ወይ?» ማለት ነው። እዚያው ሙያ ውስጥ ማደግ እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ ወደ ውጭ የመሄድ ሕልማችሁን እዚህ ማንሳት ግዴታ የለባችሁም።

6. «ስንት ትጠብቃለህ?»

ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል» ካለ መደራደሪያ ቦታው ጠባብ ነው፤ ስኬሉን ጠይቃችሁ ወስኑ። «በስምምነት» ካለ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። «እናንተ የምትሰጡኝን» ስትሉ ትሕትና ይመስላችኋል፤ ጠያቂው ግን ዝቅተኛውን ይጽፋል። ለተመሳሳይ ቦታ ምን እንደሚከፈል አምና ከተመረቁት ጠይቁና ከዚያ ብዙም ያልራቀ ቁጥር ተናገሩ።

ቁጥሩ ግሮስ (ምንም ሳይቆረጥ) ይሁን ኔት (ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባው) ሳትለዩ ግን አትስማሙ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ስሌት እስከ 2,000 ብር የወር ደመወዝ ግብር የለውም፤ ከዚያ በላይ ከ15 በመቶ ተነሥቶ እስከ 35 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። 12,000 ብር ግሮስ ቢሏችሁ ግብሩ 2,250 ብር ነው፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታ 840 ብር። እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ነው፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለባችሁ ከዚህም ያንሳል። ለአካውንቲንግ ተመራቂ ይህ ድርድር ብቻ አይደለም፤ «እስኪ አስላልን» ተብሎ ወረቀት ሊሰጣችሁም ይችላል።

7. ሳይታሰብ የሚመጡት

ገንዘብ የሚነካ ሥራ ከሆነ ዋስ ትጠየቃላችሁ። ማን እንደሚሆንላችሁ ቤት ሳላችሁ ጨርሱ፤ አጎታችሁን ሳታማክሩ «አለኝ» ብላችሁ ወጥታችሁ እሳቸው እምቢ ቢሉ ሥራው ሊቀር ይችላል። በተቃራኒው እናንተን ገንዘብ የሚጠይቅ «አስቀጣሪ» ከመጣ፣ ለፎርምም ይሁን ለሥልጠና፣ እዚያው ላይ አቁሙ።

ለሴቶች ደግሞ «ልታገቢ ነው?» የሚል ጥያቄ አሁንም ይቀርባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ ማዳላትን ይከለክላል፤ ጥያቄው በእኔ አስተያየት አሳፋሪ ነው። ክርክር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አያዋጣም። «ሥራዬን የሚያስተጓጉል ነገር የለም» ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይበቃል። ደግመው ከጠየቁ ስለ መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ነግረዋችኋል።

8. «ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ

«የለኝም» አትበሉ። የቅርብ አለቃዬ ማን ነው? በመጀመሪያው ወር ምን እንድጨርስ ይጠበቃል? የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ «ስድስት ወር እናይሃለን» ካሏችሁ ውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ በትሕትና ጠይቁ። ውጤቱ መቼና በምን እንደሚነገርም ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ስልካችሁ አይዘጋ፤ የማታውቁትን ቁጥርም አንሱ። ብዙ ቢሮ የሚደውለው በ011 ከሚጀምር መደበኛ ስልክ ነው፤ መልሳችሁ ብትደውሉ የምታገኙት የእንግዳ መቀበያውን ነው፤ እዚያ ያለችው ልጅ ደግሞ ማን እንደደወለላችሁ አታውቅም።