የውድድር ብስክሌት ካቴና ዳገት ላይ ሲዘል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጅማ ውስጥ ለጥገና የሚቀርቡ የውድድር ብስክሌቶች ችግር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሜዳ ላይ ያለ እንከን ይሄዱና፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይ ጋላቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ ሲረግጥ ካቴናው ቀጭ ብሎ ይዘላል። የጎማ ነፋስና የፍሬን ፍተሻን የመሳሰለውን ተወዳዳሪ የሆነ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አልደግመውም።

በቅድሚያ የዝላዩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ካቴናው ሳይጫን እንኳ በእኩል ልዩነት የሚዘል ከሆነ አንድ የደረቀ መገጣጠሚያ አለ፤ ፔዳሉን በቀስታ ወደ ኋላ እያዞሩ ሳይታጠፍ የሚያልፈውን ቦታ ማግኘት፣ ዘይት ጠብ ማድረግና በእጅ ወደ ጎን እያወዛወዙ ማላላት ይበቃል። ፔዳሉ ባዶውን ወደ ፊት የሚያመልጥ ከሆነ ችግሩ ያለው በኋላው ሞዞ (የጎማው መሐል እምብርት) ውስጥ ነው፤ ተፈቶ ይታጠባል፣ ቀጭን ዘይትም ይደረግለታል። ማርሹ በሁሉም ጥርስ (ካቴናው የሚያርፍባቸው የኋላ ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች) ላይ የሚያመነታና የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበት የአሉሚኒየም ቁራጭ ተጣሟል ማለት ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ውድድር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከጆንያና ከሻንጣ ሥር በተጓዙ ብስክሌቶች ላይ የሚታይ ጉዳት ሲሆን፣ ቁራጩ አንድ ጊዜ ቀና ሊል ቢችልም ሁለተኛ ጊዜ ከተጣመመ መቀየር አለበት።

ዝላዩ በጭነት ጊዜ ብቻ፣ ያውም አዘውትረው በሚጠቀሙባቸው ጥርሶች ላይ የሚከሰት ከሆነ ግን ካቴናው ወይም ጥርሱ አልቋል። አብዛኞቹ ጋላቢዎች ይህን ባለማመን የማርሽ ማስተካከያውን ቡሎን በየሳምንቱ ያዞራሉ፤ ያለቀ ብረት ደግሞ በቡሎን አይመለስም። ካቴና የሚረዝመው ሳህኖቹ ተለጥጠው ሳይሆን፣ ሳህኖቹን የሚያያይዙት ትናንሽ ፒኖች በአሸዋና በጭቃ ተፈግፍገው ስለሚቀጥኑ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በጥቂቱ ሲላላ ድምሩ ካቴናውን ያረዝመዋል፤ የረዘመ ካቴና ደግሞ የጥርሱን ሸለቆ በራሱ ልክ እየበላ ያሰፋዋል።

ልኬቱ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሜትር ይበቃል። አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ማያያዣ አንድ ላይ 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ፣ ካቴናውን ወጥሮ 24 ጥንድ ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል ሲለካ አዲስ ካቴና 609.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በባለ 11 እና በባለ 12 ማርሽ (ከኋላ 11 ወይም 12 ተደራራቢ ጥርሶች ባሉት) ብስክሌት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከጨመረ ሳይዘገይ ይቀየራል። ጭማሪው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የኋላው ጥርስም አብሮ ማለቁ አይቀርም።

ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ውድድር ሲቃረብ ካቴናውን ብቻ አስቀየረ፤ በአሮጌው ካቴና አልፎ አልፎ ይሰማ የነበረው ዝላይ በአዲሱ በየርግጫው ሆነበት። «ፎርጅድ ሸጥክልኝ» ብሎ ከነጋዴው ጋር ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ሊቀመጥ ምንም ሳይቀር ብስክሌቱን ወደ እኔ አመጣው። ካቴናው ደህና ነበር። አሮጌው ካቴናና አሮጌው ጥርስ እኩል አልቀው ስለነበር ተቻችለው ይሠሩ ነበር እንጂ፣ ትክክለኛ ልክ ያለው አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ጥርሱ ሲቀየር ዝላዩ ጠፋ፤ ነጋዴው ግን እስካሁን አኩርፎታል። ፎርጅድ ዕቃ የለም ማለቴ አይደለም፤ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ከልኩ አልፎ የሚገኝ ካቴና ስለሚያጋጥም ከመክፈል በፊት መለካት ይገባል።

አዲሱ ካቴና የሚቆረጠው የአሮጌውን ማያያዣ በመቁጠር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንጠልጥሎ በርዝመት ማስተካከል ስሕተት ነው፤ አሮጌው ረዝሟልና። ባለ 10 ካቴና በባለ 11 ማርሽ ላይ አይገጠም፤ «ይሠራል» የሚል ሻጭ አይታመን።

ካቴናን ያለ ዕድሜው የሚገድሉት ግን ላቫጆና የተቃጠለ ዘይት ናቸው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት አገር፣ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ መንገድ በቀይ ጭቃ ተለብጦ የመጣን ብስክሌት ለላቫጆ ልጆች አስረክቦ ሻይ መጠጣት ቀላል ነው። ሆኖም ለጭነት መኪና የተሠራው የውኃ ግፊት ጭቃውን ከላይ እያጠበ፣ ውኃውን ከነደቃቁ አሸዋ ወደ ሞዞው፣ ወደ መሪው አንገትና ወደ ፔዳሉ ዘንግ ኩሽኔታ ያስገባዋል፤ ግራሶውንም ያወጣዋል። ከጋራዥ በነፃ የሚገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ስላለበት ካቴናውን ሲሞርደው ይውላል።

ትክክለኛው አጠባበቅ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ላምባ፣ ጨርቅና የካቴና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። ካቴናው ወልቆ በላምባ ይዘፈዘፋል፣ ይቦረሻል፣ በሳሙና ውኃ ይለቀለቃል፣ ሙሉ በሙሉም ይደርቃል። ከዚያ ማታ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ከውስጥ በኩል አንድ አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት ይደረግና ጠዋት ውጫዊው ክፍል በጨርቅ ይጠረጋል፤ ውጭ የቀረ ዘይት ጭቃ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ከሰል በተያያዘበት ግቢ ውስጥ ደግሞ እብደት ነው። ላምባው ከፍሬን ላስቲክና ከፍሬን ዲስክ መራቅ አለበት። ካቴናው ሳይወልቅ ላምባ መርጨትም አይገባም፤ ወደ ኩሽኔታ ይገባልና።

ላቫጆ የገባ ብስክሌት ጎማው በእጅ ሲዞር እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው፣ ኩሽኔታው ዛሬውኑ ተፈቶ ይደርቅና አዲስ ግራሶ ይደረግበት፤ ከሳምንት በኋላ ዝጎ ይገኛል።

ከካርቦን ፋይበር የተሠራ የብስክሌት ዕቃ ስንጥቅ ከታየበት አይጋለብም፤ በኢፖክሲ የተለጠፈ መሪ አምጥቶ «አጥብቅልኝ» የሚለኝን ሰው እመልሰዋለሁ። በካርቦን ላይ ያሉ ትናንሽ ቡሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኒውተን ሜትር በላይ ስለማይታሰሩ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ልክ አንብቦ በመለኪያ ቁልፍ ማሰር ነው።