የኩባያ ጆሮ በአዳማ ነፋስ እንዳይሰነጠቅ

ለአንድ የሻይ ኩባያ 350 ግራም የሸክላ ጭቃ ይበቃል። 50 ጊዜ ያህል ይሹት፤ በቀጭን ሽቦ ሲቆርጡት የአየር ቀዳዳ ከታየ ይድገሙት። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደ ዓይነቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር፣ 9 ሴንቲ ሜትር ቁመት ከፈለጉ 10 አድርገው ይሥሩት።

ብዙ ኩባያ የሚበላሸው ጆሮው ላይ ነው። አካሉ ደርቆ ጆሮው እርጥብ ከሆነ፣ ጆሮው የበለጠ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ጆሮውን ለመግጠም ትክክለኛው ሰዓት ኩባያው በጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድበት፣ በጥፍር ሲጭሩት ግን ምልክት የሚይዝበት ነው። ሁለቱንም መጋጠሚያዎች በሹካ ይጫሩ፤ ከዚያው ጭቃ የተበጠበጠ ወፍራም ውሃ ይቀቡና ውሃው በጎንና በጎኑ እስኪወጣ ጆሮውን ይጫኑት። ታች የቀረውን የአውራ ጣት አሻራ አያጥፉት፤ የእጅ ሥራ ውበቱ እሱ ነው።

አዳማ ላይ ከሁሉም የሚከፋው ነፋሱ ነው። ከከተማዋ ዳር ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ ቀጭኑን ጆሮ ከአካሉ ቀድሞ ያደርቀዋል። ስለዚህ ለሁለት ቀን በፌስታል ይሸፍኑት፤ ከዚያ ፌስታሉን አላልተው መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት ያቆዩት። ጉንጭዎ ላይ ሲያስጠጉት ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ እሳት ውስጥ ከገባ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ይሰብረዋል።