የባህር ዳርቻን የአሸዋ ክምር መልሶ ማቋቋም፦ አሸዋው፣ አጥሩ፣ ሣሩ

የባህር ዳርቻ የአሸዋ ክምር ተሠርቶ የሚያልቅ ግድግዳ አይደለም። ማዕበል ሲመጣ ፊቱ ይናዳል፤ የተናደው አሸዋ ከውሃው በታች ተነጥፎ የሞገዱን ጉልበት ያደክማል። ባህሩ ሲረጋጋ ሞገድ አሸዋውን ወደ ዳርቻው፣ ነፋስ ደግሞ ከዳርቻው ወደ ክምሩ ይመልሰዋል። የመልሶ ማቋቋም ሥራ የዚህን ዑደት የተቋረጠ ቦታ ፈልጎ መቀጠል ነው።

ስለዚህ አጥር ከመግዛታችሁ በፊት አሸዋ መኖሩን አረጋግጡ። በውሃ ሙላቱ መስመርና በክምሩ ግርጌ መካከል ደረቅ አሸዋ ከሌለ ነፋስ የሚያነሳው ነገር የለም፤ አጥሩም ባዶውን ይቆማል። ደረቅ አሸዋ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ነፋሱ በሰከንድ 5 ወይም 6 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን የሚያጓጉዘው አሸዋ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ክምሩን የሚያሳድጉት በዓመት ውስጥ ያሉት ጥቂት ነፋሻማ ቀናት ናቸው።

አሸዋ ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ከሆነ የቅንጣቱ መጠን ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት። ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ ወስዳችሁ ውሃ ባለባቸው ሁለት ጠርሙሶች ጨምሩና በደንብ ናጡ። ንጹሕ አሸዋ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ከደቂቃዎች በኋላም ውሃው ደፍርሶ ከቀረ ደለል አለበት ማለት ነው። ደለል ሲደርቅ ቅርፊት ስለሚሠራ ነፋስ አሸዋውን ማንሳት ያቅተዋል። ዛጎል የበዛበትም አይሆንም፦ ደቃቁ ተጠርጎ ሲሄድ ላዩ ላይ የዛጎል ንጣፍ ይቀራል።

አጥሩ የሚቆመው ከፍተኛው የውሃ ሙላት የባህር አረም ጥሎ ከሚሄድበት መስመር ወደ የብስ ገባ ብሎ፣ ሣር መብቀል በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ወደ ውሃው ከተጠጋ የመጀመሪያው ማዕበል ይወስደዋል። ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ የጣውላው ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክፍተቱም ያንኑ ያህል ይሁን፤ ግማሹ ክፍት መሆን አለበት። ድፍን ሳንቃ ነፋሱን ስለሚያሽከረክረው የራሱን ሥር ያስቦረብራል። ቋሚዎቹ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ሆነው 1 ሜትር ያህላቸው ይቀበር፤ በየ3 ሜትሩ አንድ ይበቃል። የፕላስቲክ መረብ አትጠቀሙ፤ ተቀዶ ይቀበርና እንስሳት ይጠላለፉበታል። የባህር ኤሊ እንቁላል በሚጥልበት ዳርቻ ደግሞ አጥሩ እንዳይያያዝ፤ 3 ሜትር ያህል እየሆነ፣ 2 ሜትር አለፍ ያለ ክፍተት እየተተወ፣ ከባህሩ ጠርዝ ጋር 45 ዲግሪ ሠርቶ አግድም ይቁም። ይህን የሚመለከት ሕግ ያላቸው አገሮች ስላሉ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሸዋው የአጥሩን ሦስት አራተኛ ሲሸፍን ሥራው አብቅቷል፤ ከላዩ ሌላ አጥር ይተከላል።

አጥር አሸዋ ይሰበስባል እንጂ አይዝም፤ የሚይዘው ሣሩ ነው። የአካባቢውን ዝርያ ምረጡ። ማራም የሚባለው የአውሮፓ ሣር ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ኒውዚላንድ ተወስዶ አገር በቀሉን አፈናቅሏል። ሸውሸዌም አሸዋ ያስቆማል ተብሎ በብዙ አገር ተተክሏል፤ በፊተኛው ክምር ላይ ግን አይመከርም። ጥላው ሣሩን ይገድላል፣ ሥሩም ጥልቀት ስለሌለው በማዕበል ይገነደሳል።

ማራምና የአሜሪካው ዘመዱ የሚተከሉት በቀዝቃዛው ወቅት፣ ዕድገታቸው በቆመበት ጊዜ ነው። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቅበሩና ዙሪያውን በተረከዝ ጠቅጥቁ። ጣታችሁን ስትሰዱ እርጥብ አሸዋ ካላገኛችሁ ጉድጓዱ አልጠለቀም፤ እንዲህ ያለው ችግኝ ይደርቃል ወይም ነፋስ ይነቅለዋል። እስኪተከል ድረስ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ይቆይ። ርቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ረድፎቹ ይፈራረቁ። ነፋስ በሚበረታበት ተዳፋት 30፣ ወደ ባህሩ ጠርዝ ደግሞ አሸዋው ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ከ60 እስከ 90 አድርጉት። በመጀመሪያው የዕድገት ወቅት ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ይረዳል፤ በሄክታር ከ30 እስከ 60 ኪሎ ናይትሮጂን ይበቃል። ሥር ከያዘ በኋላ መጨመር አረሙን መቀለብ ነው።

ማራም በዓመት እስከ 1 ሜትር የሚደርስ አሸዋ ቢለብስም ወደ ላይ ያድጋል፤ የሚደክመው አሸዋው ሲቀርበት ነው። ከኋላ ያለው ማራም ቢገረጣ ውሃ አታጠጡት፤ ቦታውን ለሌሎች ዕፅዋት መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው።

እግረኛ ሣሩን ረግጦ ያወጣው ቀጥ ያለ መንገድ የነፋስ ሰርጥ ይሆናል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መረማመጃ፣ ለዋናው ነፋስ አቅጣጫ አግድም አድርጋችሁ ሥሩ። ዳርቻውን በማሽን መጥረግም ይቁም። የወደቀው የባህር አረም አሸዋ ያግዳል፣ ሣሩንም ይመግባል።

የዓለም አማካይ የባህር ጠለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 የነበረው ፍጥነት በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባህሩ ሲገፋ ክምሩም ወደ የብስ መሸሽ አለበት፤ ከኋላው መንገድ ወይም ግንብ ካለ በሁለቱ መካከል ተጨፍልቆ ይቀጥናል። ስለዚህ የኋላው ቦታ ባዶ ይተው። ኔዘርላንድስ ሁለቱንም ታደርጋለች፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳንድ ሞተር በተባለው ሥራ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ዳርቻው ላይ አፍስሳለች፤ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ አሸዋው ወደ ኋላ እንዲያልፍ የፊተኛውን ክምር ሆን ብላ ሸንቁራለች።

ማዕበል ክምሩን እንደ ገደል ቆርጦት ሲሄድ በዶዘር የዳርቻውን አሸዋ ወደ ላይ መግፋት ያጓጓል። አታድርጉት፤ ዳርቻው ዝቅ ይልና ቀጣዩ ሞገድ ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ገደሉ ደርቆ እስኪናድና ተዳፋቱ እስኪለዝብ ጠብቁ፤ ከተናደው ሣር ውስጥ ሥሩ የተቀበረው ብዙውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲሱ አጥር ከዚያ በኋላ ግርጌው ላይ ይተከላል።