ከጅማ ሆኖ የኦንላይን አርፒጂ ጌም እንዴት ይመረጣል?

ስለ አርፒጂ (የራስን ካራክተር፣ ማለትም ገጸ ባሕሪ፣ እያሳደጉ የሚጫወቱት ጌም) «የትኛው ጌም ይሻላል?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጨዋታው መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይቀርባችኋል? ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጅማ ውስጥ መብራቱም ኔትወርኩም እንዳሻው ይሄዳል። ስለዚህ ግራፊክሱ ይቆይ።

መጀመሪያ ሰርቨሩ (ጌሙ የሚሠራበት የኩባንያው ኮምፒውተር) የት እንደሆነ እዩ። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ኢንተርኔት በአብዛኛው ጂቡቲ ደርሶ በባሕር ሥር ኬብል ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የአውሮፓ ሰርቨር ካለ ሌላውን አትንኩ። አልቢዮን ኦንላይን የሚባለው ጌም ለምሳሌ አምስተርዳም ላይ ሰርቨር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ካራክተር ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው አይዛወርም፤ የአሜሪካውን መርጣችሁ ከጀመራችሁ በኋላ አውሮፓ ልግባ ብትሉ ከዜሮ ነው።

ቀጥሎ ፒንግ ለኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፒንግ የላካችሁት ነገር ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መልስ ይዞ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። ብዙ ሰው ጠዋት አንዴ ይለካና 120 ሲያይ ደስ ብሎት ማውረድ ይጀምራል። አንድ ቁጥር ግን ምንም አይነግራችሁም። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በተጣደበት ሰዓት ለኩ። ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሳታቋርጡ ቁጥሩን ተከታተሉት። 195፣ 201፣ 198 እያለ ከሄደ ጥሩ ነው፤ እጅ ይለምደዋል። 120፣ 125 ሲል ቆይቶ ድንገት 900 ካለ ግን ካራክተራችሁን የሚያስገድለው እሱ ነው። ከሚዘለው 120 የማይነቃነቀው 200 በስንት ጣዕሙ!

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ጌሙ ራሱ ምን ያህል እንደሚቸኩል እዩ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ትእዛዛችሁን የሚያስፈጽመው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። 200 ሚሊ ሰከንድ እዚያ ክፍተት ውስጥ ስለሚገባ ላጉ (መዘግየቱ) ብዙም አይሰማም። ኢቭ ኦንላይን ደግሞ በየ1 ሰከንዱ ነው። ጊልድ ዋርስ 2 ላይ ግን ምቱ የሚያርፍበትን የሚያሳይ ቀይ ክብ መሬቱ ላይ ሲወጣ ወዲያው ዶጅ ማድረግ (ዘሎ ማምለጥ) አለባችሁ፤ እዚያ የዘገየ አለቀለት።

እኔ ቀዳሚ የማደርገው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን ነው። መልኩን አይታችሁ አትሳቁ፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2007 በነበረው ሩንስኬፕ ላይ ነው። ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በዚያው አካውንት ስልክ ላይ ይሠራል። መብራት ሲሄድ በስልኬ ዳታ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። የዶላር ካርድ ለሌለውም መላ አለው፦ ጌሙ ውስጥ ባጠራቀማችሁት ወርቅ ቦንድ ትገዛላችሁ፤ አንዱ ቦንድ የ14 ቀን ሜምበርሺፕ (በክፍያ ሙሉውን ጌም የሚከፍተው አባልነት) ይሰጣል።

ሁለተኛዬ ጊልድ ዋርስ 2 ነው። ዶጁ ቢያስቸግርም የሌቭል ጣሪያው (ካራክተር የሚደርስበት ከፍተኛው ደረጃ) ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 80 ላይ ነው፣ አልተነሣም። ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ከርማችሁ ስትመለሱ ትጥቃችሁ ያው ነው፤ ማንም ጥሏችሁ አልሄደም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ምርጥ ጌም ነው፣ አልክድም። ግን በየወሩ ክፍያ አለው፤ መብራት ጠፋ ብሎ ወሩ አይቆምላችሁም። ስለዚህ ለኔ አይሆንም። አልቢዮንን ደግሞ ሰማያዊና ቢጫ ዞን ውስጥ ብቻ ተጫወቱት። ቀይና ጥቁር ዞን ከሞታችሁ ሌሎች ተጫዋቾች የለበሳችሁትን ሁሉ ይገፏችኋል፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ ደግሞ ካራክተራችሁ ወዲያው አይወጣም፣ እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ተበሳጭቶ ጌሙን ጭራሽ ተወው።

ማውረዱ ይቀራል። ትልልቆቹን በዳታ አትሞክሩት፤ ፋይናል ፋንታሲ 14 ብቻውን 140 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። የጫነ ሰው ፈልጋችሁ በሃርድ ዲስክ ቅዱ። ጊልድ ዋርስ 2 ለዚህ ይመቻል፤ ጌሙ ከሞላ ጎደል በአንድ ትልቅ ፋይል ነው የተቀመጠው። ችግሩም እዚያው ነው። ዲስካችሁ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ትልቅ ነው ሲላችሁ ቦታ የሞላ መስሏችሁ ፎቶ ማጥፋት እንዳትጀምሩ። ዲስኩ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፤ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ከቀዳችሁ በኋላ ላውንቸሩን (ጌሙን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ስትከፍቱ የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው። ለሱ የሌሊት ጥቅል ግዙና ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ተኙ።